ዌይድሮይድ፦ የስልክ መተግበሪያ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ

ዌይድሮይድ ሙሉ አንድሮይድን በሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስነሳ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ለስልክ የተሠሩ መተግበሪያዎች በእሱ አማካይነት እንደ ማንኛውም የዴስክቶፕ ፕሮግራም በየራሳቸው መስኮት ይከፈታሉ፤ በማውዝና በኪቦርድ ይታዘዛሉ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን ኮዱን ማንም ሰው ማየት፣ ማሻሻልና መልሶ ማሰራጨት ይችላል።

ይህ ሊሆን የቻለው አንድሮይድና ሊኑክስ አንድ መሠረት ስላላቸው ነው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ላይ ከዋለበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስልኩን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ከርነል ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከከርነሉ በላይ ነው። አንድሮይድ የራሱ ላይብረሪዎች፣ የራሱ የስክሪን አያያዝ፣ መተግበሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ አርት የተባለ የራሱ ክፍልም አለው። እነዚህ በዴስክቶፕ ሊኑክስ ላይ ስለሌሉ፣ የስልክ መተግበሪያ ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ ቢገለበጥም አይከፈትም።

ቀድሞ የተለመደው መፍትሔ ኢሙሌተር ነበር። ኢሙሌተር ስልኩን ከነስክሪኑና ከነሜሞሪው በሶፍትዌር ያስመስላል፤ በውስጡም ሁለተኛ ከርነል ያስነሳል። ጉግል ለመተግበሪያ ሠሪዎች የሚያቀርበው የአንድሮይድ ኢሙሌተር ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ኪውኢሙ የተባለ ኢሙሌተር ላይ የተገነባ ነው። ይህ መንገድ ለሙከራ ይበጃል፤ ይሁን እንጂ ለሐሳባዊው ስልክ የሚመደበው ሜሞሪ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተርን ያጨናንቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይመን ፌልስ ይፋ የሆነው አንቦክስ ሁለተኛ ከርነል ሳያስፈልግ አንድሮይድን በኮንቴይነር ውስጥ አስቀመጠ። ኮንቴይነር በግቢ ውስጥ የራሱ በር እንዳለው ሰርቪስ ቤት ነው፤ ግድግዳው የተለየ ቢሆንም የውሃና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። የአንቦክስ ድክመት ግራፊክስ ላይ ነበር፤ የስዕል ትእዛዞች ከኮንቴይነሩ እየወጡ በመሐል እየተተረጎሙ ያልፉ ስለነበር ይንቀራፈፍ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲቋረጥ ተጠቃሚዎቹ ወደ ዌይድሮይድ እንዲዞሩ ተመከሩ።

ዌይድሮይድ የኮንቴይነሩን ሐሳብ ይዞ ለአንድሮይዱ የግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ ከፈተለት። ሥራ ላይ እያለ የኮምፒውተሩ የፕሮሰሶች ዝርዝር ቢታይ፣ የአንድሮይድ ፕሮሰሶች ከብሮውዘሩና ከሙዚቃ ማጫወቻው ጋር ተሰልፈው ይገኛሉ። ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሲታይ ግን ያለው አንድሮይድ ብቻ ነው። አንድ መተግበሪያ ካሜራ ሲጠይቅ ወይም ማሳወቂያ ሲልክ መልእክቱ የሚያልፈው ባይንደር በሚባል የከርነል ክፍል በኩል ነው፤ ባይንደር የሌለው ከርነል ዌይድሮይድን አያስነሳም። የዴስክቶፑ የማሳያ ስርዓት ደግሞ ዌይላንድ መሆን አለበት። አሮጌውን ኤክስ11 የሚጠቀም ሰው ዌስተን የሚባል አነስተኛ የዌይላንድ ማሳያ በአንድ መስኮት ውስጥ ከፍቶ ዌይድሮይድን እዚያ ያስነሳል።

የሚጫነው አንድሮይድ ሊኒጅኦኤስ በተባለው ክፍት ምንጭ ስርዓት ላይ የተመሠረተ ሲሆን በሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንደኛው የጉግል አገልግሎቶች አሉት፤ ፕሌይ ስቶርን ለመጠቀም ግን ጉግል መሣሪያውን ስለማያውቀው የመለያ ቁጥሩን በራሱ በጉግል ገጽ ላይ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ሌላው ከጉግል ነጻ ነው፤ መተግበሪያዎች ኤፍ-ድሮይድን ከመሰለ የክፍት ምንጭ መደብር ወይም ኤፒኬ ከሚባለው የመተግበሪያ ፋይል ይጫናሉ።

መተግበሪያው ይሠራ አይሠራ የሚታወቀው ከኤፒኬው ውስጥ ነው። ኤፒኬ በእርግጥ ዚፕ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም የዚፕ መክፈቻ ይታያል። በውስጡ ያለው የዴክስ ኮድ የፕሮሰሰር ዓይነት አይመርጥም፤ አርት ወደሚሠራበት ማሽን ቋንቋ ይተረጉመዋል። ጌሞችና ቪዲዮ ማቀናበሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ለስልክ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ለአርም፣ ብቻ የተዘጋጁ ላይብረሪዎችን በተለየ ፎልደር ይይዛሉ። በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ እነዚህን ለማስኬድ የኢንቴሉ ሊብሁዲኒ ወይም የጉግሉ ሊብኤንዲኬ ተርጓሚ ይጨመራል። የሁለቱም ኮድ ክፍት አይደለም፤ ትርጉሙም ፍጥነት ይቀንሳል።

ሌሎች ገደቦችም አሉ። የኢንቪዲያ ካርድ ከኩባንያው ዝግ ድራይቨር ጋር ሲሆን ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ስለሚሠራ ይዘገያል። መሣሪያው በጉግል የታወቀ መሆኑን የሚፈትሹ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ላይከፈቱ ይችላሉ። ሲም ካርድ ስለሌለ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድም ወደ ውስጥ አይገባም።

ለእንደዚህ ዓይነቶቹ መተግበሪያዎች ሌላው ክፍት ምንጭ መሣሪያ፣ ጄኒሞባይል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ስክርሲፒዋይ፣ ይመረጣል። እሱ መተግበሪያውን ኮምፒውተሩ ላይ አያስኬድም። ስልኩ ስክሪኑን በቪዲዮ መልክ በዩኤስቢ ገመድ ይልካል፤ የማውዙና የኪቦርዱ ትእዛዝ በዚያው ገመድ ይመለሳል። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል፤ ስልኩ ላይም የሚጫን መተግበሪያ የለም፤ በስልኩ የገንቢ ምርጫዎች ውስጥ የዩኤስቢ ማረሚያን ማብራት ግን ግድ ነው። ስክሪናቸው እንዳይቀረጽ የሚከለክሉ መተግበሪያዎች ግን በኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ እነሱን ስልኩ ላይ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ የለም።