ውድ ከፈን ማንን ያስደስታል?

ከፈን ላይ የቆጠበ ሰው በሟቹ ጨከነ ይባላል። ጨርቁ ውድና አዲስ፣ ቢቻል ደግሞ ከመካ መጥቶ በዘምዘም የተነከረ ካልሆነ ጀናዛው የተዋረደ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ረፋድ ላይ መቀበር ይችል የነበረ ሟች «የተሻለው ጨርቅ እስኪመጣ» ተብሎ እስከ ዐስር ሶላት ሲቆይ አይቻለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ የጨርቁን ዕዳ ስትጠየቅም አይቻለሁ። ሸሪዓው ቀብርን አፋጥኑ ነው የሚለው፤ ተበድራችሁ አስውቡ የሚል ደንብ የለውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የተከፈኑት በሦስት ነጭ የየመን የጥጥ ጨርቆች እንደነበር፣ ቀሚስም ጥምጥምም እንዳልተጨመረበት አዒሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ አባታቸው አቡበክር (ረ.ዐ) ሊሞቱ ሲሉ ይህንኑ ጠየቋቸውና ታመው የተኙበትን፣ የዛፍራን ነጠብጣብ ያለበትን ልብስ አይተው እሱን አጥባችሁ ሁለት ጨምሩበትና ክፈኑኝ አሉ። አዒሻ ልብሱ ያረጀ መሆኑን ቢናገሩ፣ አዲስ ልብስ ከሟች ይልቅ ለቋሚ እንደሚገባ፣ ከፈን ከሬሳ ለሚወጣ ፈሳሽ እንደሆነ መለሱላቸው። ይህን የተናገሩት የሙስሊሞች ኸሊፋ ናቸው እንግዲህ።

የሙስዐብ ኢብን ዑመይር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በመካ ወጣቶች መካከል በልብሱና በሽቶው የሚታወቅ የሀብታም ልጅ ነበር፤ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦችም አንዱ ነው። ኡሑድ ላይ ሲገደል የተገኘለት አንድ ቡራቡሬ ኩታ ብቻ ነበር። ጭንቅላቱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፤ ወደ እግሩ ሲስቡት ጭንቅላቱ ይገለጣል። ነቢዩ ጭንቅላቱን በጨርቁ ሸፍነው እግሩ ላይ ኢዝኺር የተባለውን ሣር እንዲያደርጉበት አዘዙ። ከዓመታት በኋላ ባለጸጋው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ጾመው ውለው ማፍጠሪያ ሲቀርብላቸው ይህን አስታውሰው አለቀሱ፤ ምግቡንም ተዉት። በአንድ ኩታና በሣር የተቀበረውን ሙስዐብን ተዋረደ የሚል አለ?

ከፈን ውድ መሆን አለበት የሚለው እምነት ግን ከባዶ አልመጣም። ወንድማችሁን ስትከፍኑ አሳምሩ የሚል ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ አለ። የተነገረው አንድ ሶሓባ አካሉን በማይበቃ ጨርቅ ተከፍኖ በሌሊት በመቀበሩ ነው። ኢማም ነወዊን የመሰሉ ዓሊሞችም ማሳመር ማለት ንጹሕ፣ ወፈር ያለና ገላን የሚሸፍን ማድረግ እንጂ ዋጋ መቆለል እንዳልሆነ አስረድተዋል። መልካም አቡጀዴ ይህን ሁሉ ያሟላል።

እኔን የሚያናድደኝ ሟቹ ታሞ ሲተኛ ደጁን ሳይረግጥ ለቅሶ ቤት ደርሶ «ይቺን ብቻ?» የሚለው ዘመድ ነው። ይቺን ከማን ኪስ? ከሟች ንብረት ቀድሞ የሚነሳው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ኑዛዜ፣ የተረፈው የወራሾች ነው። ከወራሾቹ መካከል የቲሞች ካሉ ከሚገባው በላይ የሚወጣው ብር የነሱ ነው፤ ቁርኣን ደግሞ የየቲምን ገንዘብ የሚበሉትን በእሳት ያስጠነቅቃል። ዘመድ ማሳመር ካማረው ከራሱ ያውጣ። ሟቹ ምንም ካልተወ ከፈኑ ቀላቢው በነበረ ሰው ላይ፣ እሱም ከሌለ በሙስሊሙ ሁሉ ላይ ይወድቃል፤ ሚስት ለብቻዋ የምትሸከመው ዕዳ አይደለም።

አከፋፈኑም ቢሆን ወጪ የሚጠይቅ ጥበብ የለበትም። ሦስቱ አንሶላዎች በላይ በላዩ ይዘረጋሉ፤ ታጥቦ ካፉር የተደረገበት ገላ ይጋደምባቸዋል። የግራው ጠርዝ ይታጠፍና የቀኙ ይደረብበታል። ከራሱ ከጨርቁ በተቀደደ ገመድ ራስጌና ግርጌው ይታሰራል፤ መቃብር ውስጥ ይፈታል። ለሴት ሽርጥ፣ ቀሚስ፣ ሻሽና ሁለት መጠቅለያ ተደርጎ አምስት መሆኑን አብዛኞቹ ዓሊሞች ይወዱታል። የሚጠቀሰው ሐዲስ ሰነዱ ያከራክራል፤ በዚያ ለመፍረድ እኔ አቅሙ የለኝም። ባይሟላ ግን ቀብሩ እንደማይበላሽ ግልጽ ነው። ነቢዩ ለሞተች ልጃቸው ለአጣቢዋ ኡሙ ዐጢያ ያቀበሉት ራሳቸው ያገለደሙትን ሽርጥ ነው።

ነጭ ግዴታ ነው ይባላል፤ የተወደደ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። በኢሕራም ልብስ መከፈን የታዘዘው ዐረፋ ላይ ከግመሉ ወድቆ ኢሕራም ላይ እንዳለ ለሞተው ሐጅ ነው፤ ከሐጅ በሻንጣ የመጣ ኢሕራም ግን ያው ጨርቅ ነው፣ ከአቡጀዴው አይበልጥም። ከፈን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ሞት ይጠራል የሚለውም ወሬ ነው፤ ነቢዩ የለበሱትን ኩታ ለከፈኔ ብሎ የለመነ ሶሓባ ነበር፣ በሱም ተከፍኗል።

ሚስት ስትሞት ኒካሑ ስለሚፈርስ ባል ፊቷን አያይም ብለው ከከፈኑ በፊት የሚያባርሩት ደግሞ አሉ። ሐነፊዎች ባል ሚስቱን እንዳያጥብ ይከለክላሉ፤ ማየትን ግን በመዝሀባቸው የጠነከረው አስተያየት አልከለከለም። ሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ማጠብንም ፈቅደዋል። ሚስት ባሏን ማጠብ መቻሏ ላይማ ዓሊሞች መስማማታቸው ተዘግቧል፤ አቡበክርን ያጠበቻቸው ሚስታቸው፣ ቀድሞ ወደ ሐበሻ ተሰዳ የነበረችው አስማእ ቢንት ዑመይስ ናት።