የካናዳ የጥርስ ሕክምና ዕቅድ

የካናዳ የጥርስ ሕክምና ዕቅድ የጥርስ መድን ወይም ኢንሹራንስ ለሌላቸውና የቤተሰባቸው የተጣራ ዓመታዊ ገቢ ከ90,000 የካናዳ ዶላር በታች ለሆነ የካናዳ ነዋሪዎች የጥርስ ሕክምና ወጪን በሙሉ ወይም በከፊል የሚከፍል የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻረ ቃል ሲዲሲፒ ተብሎ ይታወቃል። ፖሊሲውን የሚመራው የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ሄልዝ ካናዳ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው ሰርቪስ ካናዳ ሲሆን፣ ለሐኪሞች ክፍያ የሚፈጽመው ደግሞ ከመንግሥት ጋር ውል የገባው ሰን ላይፍ የተባለ የመድን ኩባንያ ነው።

ዕቅዱ ብዙ ጊዜ በገቢ ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ይሁን እንጂ አመልካቹ አራት መስፈርቶችን በአንድ ጊዜ ማሟላት አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ፣ ገቢው የቱንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን ተጠቃሚ መሆን አይችልም።

## ታሪክ

በካናዳ የሐኪምና የሆስፒታል ሕክምና በየክፍለ ሀገሩ ባለው የሕዝብ የጤና መድን ይሸፈናል። የጥርስ ሕክምና ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዳኛ ኤሜት ሆል የሚመራው የጤና አገልግሎት ኮሚሽን ለሕፃናት የጥርስ ሕክምና ፕሮግራም እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ተግባራዊ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የካናዳ የጤና ሕግም ከጥርስ ሕክምና የሚያካትተው በሆስፒታል ውስጥ መከናወን ያለበትን የቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ሰው የጥርስ ሕክምናን የሚከፍለው በአሠሪው በኩል በሚያገኘው መድን ወይም ከኪሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ የሚመራው የሊበራል ፓርቲና በጃግሚት ሲንግ የሚመራው አዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በፓርላማ ለመደጋገፍ ሲስማሙ፣ የጥርስ ሕክምና ፕሮግራም ከስምምነቱ ዋና ነጥቦች አንዱ ሆነ። በመጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በየዓመቱ እስከ 650 ዶላር የሚሰጥ ጊዜያዊ ድጎማ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ተከፈለ። እ.ኤ.አ. የ2023 በጀት ለዋናው ዕቅድ በአምስት ዓመት 13 ቢሊዮን ዶላር መደበ።

ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ዕድሜያቸው 87 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ አረጋውያን ተከፈተ። ከዚያም በደረጃ ወደ ሌሎች አረጋውያን ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና የአካል ጉዳት የግብር ቅናሽ ማረጋገጫ ላላቸው አዋቂዎች ክፍት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አገልግሎት አገኙ። ከ18 እስከ 64 ዓመት ያሉት ቀሪዎቹ አመልካቾች የተካተቱት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ነው።

## የብቁነት መስፈርቶች

### የጥርስ መድን የማግኘት ዕድል አለመኖር

ብዙ ጊዜ በስህተት የሚተረጎመው ይህ መስፈርት ነው። ጥያቄው አመልካቹ መድን ይጠቀማል ወይ ሳይሆን፣ መድን የማግኘት ዕድል አለው ወይ የሚል ነው። በራሱ ወይም በቤተሰቡ አባል አሠሪ፣ በጡረታ፣ በሙያ ማኅበር ወይም በተማሪዎች ማኅበር በኩል የጥርስ መድን የቀረበለት ሰው፣ መድኑን ባይፈልገው፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚያስከፍል ቢሆን ወይም ባይጠቀምበትም ብቁ አይደለም። በግሉ መድን የገዛም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 11 ቀን 2023 በፊት ጡረታ ወጥተው የጡረታ መድናቸውን የተዉና በደንቡ መሠረት ተመልሰው መግባት የማይችሉ ሰዎች ግን ማመልከት ይችላሉ።

መንግሥት ይህን ለማጣራት ከአሠሪዎች መረጃ ይቀበላል። ከ2023 የግብር ዓመት ጀምሮ አሠሪዎች ቲ4 በሚባለው የደመወዝ ማስረጃ ሳጥን 45 ላይ ሠራተኛው የጥርስ መድን የማግኘት ዕድል እንዳለው በቁጥር ይሞላሉ። ቁጥር 1 ምንም ዕድል እንደሌለው ያመለክታል፤ ከ2 እስከ 5 ያሉት ደግሞ መድኑ ሠራተኛውን ብቻ ወይም የትዳር ጓደኛውንና ጥገኞቹን ጭምር የሚሸፍን መሆኑን ይለያሉ። ሳጥኑ በስህተት የተሞላበት ሠራተኛ እንዲታረምለት መጠየቅ ያለበት አሠሪውን ነው።

በክፍለ ሀገር ወይም በፌዴራል መንግሥት ማኅበራዊ ፕሮግራም የጥርስ ሕክምና የሚያገኝ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ አይከለከልም። ሁለቱ ፕሮግራሞች ክፍያውን አቀናጅተው ይከፍላሉ።

### የቤተሰብ የተጣራ ገቢ

የሚታየው የአመልካቹና የትዳር ጓደኛው፣ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮት የሚኖረው ሰው፣ ገቢ ተደምሮ ነው። መነሻው በግብር ቅጹ መስመር 23600 ላይ የሚገኘው የተጣራ ገቢ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ደመወዛቸው ከ90,000 ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ባልና ሚስት፣ እንደ ጡረታ መዋጮና የሕፃናት መዋያ ክፍያ ያሉ ተቀናሾች ሲነሱ ከወሰኑ በታች ሊሆኑ ይችላሉ።

### ነዋሪነት

አመልካቹ ለግብር ጉዳይ የካናዳ ነዋሪ መሆን አለበት። ዜግነት መስፈርት አይደለም። ነዋሪነት የሚወሰነው በዋናነት ሰውየው በካናዳ ባለው ቤት፣ የትዳር ጓደኛና ጥገኞች ነው።

### ግብር ማሳወቅ

አመልካቹና የትዳር ጓደኛው ያለፈውን ዓመት ገቢ ለካናዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት አሳውቀው የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሊደርሳቸው ይገባል። ይህ ምንም ገቢ ያልነበረውን ሰውም ይመለከታል። የሚከፍለው ግብር ስለሌለ ቅጹን ያልሞላ ሰው፣ ዕቅዱ በተለይ የታሰበለት ድሀ ቢሆንም፣ ገቢው ሊረጋገጥ ስለማይችል ሽፋን አያገኝም። መጠነኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የግብር ቅጻቸውን በነፃ የሚያስሞሉበት የማኅበረሰብ በጎ ፈቃደኞች የገቢ ግብር ፕሮግራም አለ።

## የታካሚው ድርሻ

ብቁ መሆን ሕክምናው በሙሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ዕቅዱ የራሱ የዋጋ ተመን አለው፤ ከተመኑ የሚከፍለው መጠንም በቤተሰብ ገቢ ይለያያል።

- ከ70,000 ዶላር በታች፦ ዕቅዱ ከተመኑ 100 በመቶ ይከፍላል።
- ከ70,000 እስከ 79,999 ዶላር፦ ዕቅዱ 60 በመቶ፣ ታካሚው 40 በመቶ ይከፍላሉ።
- ከ80,000 እስከ 89,999 ዶላር፦ ዕቅዱ 40 በመቶ፣ ታካሚው 60 በመቶ ይከፍላሉ።

ሐኪሙ ከተመኑ በላይ ካስከፈለ ልዩነቱን የሚሸፍነው ታካሚው ነው። ለምሳሌ የቤተሰብ ገቢው 75,000 ዶላር የሆነ ሰው፣ በዕቅዱ 200 ዶላር የተተመነለትን ሕክምና 240 ዶላር የሚያስከፍል ሐኪም ዘንድ ቢያደርግ፣ ዕቅዱ 120 ዶላር ይከፍላል። ታካሚው ከተመኑ 80 ዶላርና የዋጋ ልዩነቱን 40 ዶላር፣ በድምሩ 120 ዶላር ይከፍላል። ስለዚህ ታካሚው ከሕክምናው በፊት ሐኪሙ በዕቅዱ የሚሠራ መሆኑንና ከተመኑ በላይ የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑን መጠየቁ አስፈላጊ ነው።

## የሚሸፈኑ አገልግሎቶች

ዕቅዱ ምርመራን፣ ራጅን፣ የጥርስ እጥበትን፣ ሙሌትን፣ የጥርስ ሥር ሕክምናን፣ የድድ ሕክምናን፣ ነቀላንና ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስን ይሸፍናል። እንደ ጥርስ ሽፋን ወይም ክራውን ያሉ አንዳንድ ሕክምናዎች ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በመንጋጋ አጥንት ላይ የሚተከል ጥርስና ጥርስ ማንጣት አይሸፈኑም።

## ማመልከትና ማደስ

ማመልከቻ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ይቀርባል። አመልካቹ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ አድራሻውንና የማኅበራዊ መድን ቁጥሩን ይሰጣል፤ ለልጆች የሚያመለክተው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። ማመልከቻው ሲጸድቅ ሰን ላይፍ የአባልነት ካርድና ሽፋኑ የሚጀምርበትን ቀን ይልካል። ከዚያ ቀን በፊት የተደረገ ሕክምና አይከፈልም። ሂሳቡን ለሰን ላይፍ የሚያቀርበው ሐኪሙ ሲሆን ገንዘቡም በቀጥታ ለሐኪሙ ይገባል፤ ታካሚው ሙሉውን ከፍሎ በኋላ ከዕቅዱ ማስመለስ አይችልም።

ሽፋኑ ከጁላይ 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ጁን 30 የሚቆይ በመሆኑ በየዓመቱ መታደስ አለበት። በዚህ ጊዜ የገቢና የመድን ሁኔታ እንደገና ይታያል። በመካከል መድን ያለው ሥራ ያገኘ ሰው ለውጡን ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

## አዲስ መጤዎችና ስደተኞች

እንደ ቶሮንቶ፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ባሉ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ አዲስ መጤዎች ላይ በይበልጥ የሚከብደው የግብር መስፈርቱ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ካናዳ የገባ ሰው የመጀመሪያ ግብሩን የሚያሳውቀው በ2026 ነው። በጁላይ 2025 የጀመረው የሽፋን ዓመት ግን የሚመለከተው የ2024ን ገቢ ነው። ጥገኝነት ጠያቂዎችና በመንግሥት ድጋፍ የሰፈሩ ስደተኞች በጊዜያዊው የፌዴራል የጤና ፕሮግራም የተወሰነ አስቸኳይ የጥርስ ሕክምና ሊያገኙ ይችላሉ።

## ትችት

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የጥርስ ሐኪሞች የወረቀት ሥራውንና የዋጋ ተመኑን በመቃወም ለመመዝገብ አመንትተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2024 ጀምሮ ሳይመዘገቡም ለእያንዳንዱ ሕክምና ሂሳብ እንዲያቀርቡ ተፈቀደ።

በብቁነት ደንቡ ላይ የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የገቢ ወሰኑ የቤተሰብ ብዛትን ስለማያይ ብቻውን የሚኖር ሰውና አምስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ በአንድ መለኪያ ይለካሉ። ሁለተኛ፣ ገቢው 89,999 ዶላር የሆነ ቤተሰብ በከፊል ሲሸፈን 90,000 የደረሰው ምንም አያገኝም። ሦስተኛ፣ አሠሪው የሚያቀርበው መድን እጅግ ጥቂት ሕክምና ብቻ የሚሸፍን ቢሆንም ሠራተኛው ከዕቅዱ ውጭ ስለሚሆን፣ ደካማ መድን ያለው ዝቅተኛ ተከፋይ ምንም መድን ከሌለው ሰው የበለጠ ሊከፍል ይችላል።