ምግብን እንደ ትእዛዝ የሚቀበል ዕጢ፦ የአድሬናል ጉብታማ እድገት

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሆርሞን አመንጪውን ጤነኛ የአካል ክፍልም፣ በአካል ላይ የሚበቅለውን እባጭም ይጠራል። ከኩላሊቶች አናት ያሉት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎች በጉብታ ሲሞሉ ይህ ድርብ ትርጉም ታካሚን ያለ ምክንያት ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ጉብታዎቹ ካንሰር አይደሉም፣ ወደ ሌላ አካልም አይሠራጩም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሚያመነጩት ኮርቲዞል መብዛት ነው።

የአንድ ጤነኛ አዋቂ አድሬናል ዕጢ ክብደት ከ4 እስከ 6 ግራም ያህል ነው። በዚህ ሕመም ግን ጉብታዎቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ፤ ሁለቱ ዕጢዎች በድምሩ ከ100 ግራም የሚያልፉበት ጊዜም አለ። እያንዳንዱ ሴል ግን ኮርቲዞል በማምረት ረገድ ደካማ ነው፤ ሆርሞኑ የሚበዛው በሴሎቹ ብዛት ነው። በመሆኑም የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና የአጥንት መሳሳት በዝግታ ይከማቻሉ፤ ብዙ ጊዜም እንደየራሳቸው ሕመም ይታከማሉ።

በተለመደው ሁኔታ አድሬናል የሚታዘዘው ከአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ለሚመነጨው ኤሲቲኤች ለተባለ ሆርሞን ነው። በእነዚህ ታካሚዎች ደም ውስጥ ኤሲቲኤች ዝቅተኛ ሆኖ ኮርቲዞል ከፍ ስለሚል፣ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ «ከኤሲቲኤች ነጻ» ሲባል ኖሯል። ስያሜው አሳሳች ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. በካናዳና በፈረንሳይ የሚገኙ ሁለት ቡድኖች ኮርቲዞላቸው በጾም ሰዓት ዝቅ፣ ከምግብ በኋላ ከፍ የሚል ታካሚዎችን ገለጹ። ምግብ ሲገባ አንጀት የሚያመነጨው ጂአይፒ የተባለ ሆርሞን፣ በአድሬናል ሴሎች ላይ ባልተለመደ ሁኔታ በበቀለ ተቀባይ አማካይነት እንደ ትእዛዝ ይደርሳቸው ነበር። በሌሎች ታካሚዎች ደግሞ አድሬናሊንን ወይም ቫዞፕሬሲንን የሚሰሙ ተቀባዮች ተገኙ። በ2013 እ.ኤ.አ. የጉብታዎቹ አንዳንድ ሴሎች ራሳቸው ኤሲቲኤች እንደሚያመርቱ ታወቀ፤ «ነጻ» የሚለው ቃልም ይዘቱን አጣ።

በዚያው ዓመት ኤአርኤምሲ5 የተባለው ጂን ተለየ። ታካሚው አንዱን የተበላሸ ቅጂ ይዞ ይወለዳል፤ ሁለተኛው ቅጂ በየጉብታው ለየብቻው ይበላሻል። ስለዚህ ጂኑ በተገኘበት ታካሚ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆችም መመርመር ይገባቸዋል።

ሕክምናው ግን ቀላል ምርጫ የለውም። ሁለቱንም ዕጢ ማውጣት የኮርቲዞልን መብዛት ያቆማል፤ ታካሚው ግን ዕድሜ ልኩን ምትክ ሆርሞን ሊወስድ ይገደዳል፣ በኢንፌክሽን ወቅት መድኃኒቱ ቢቋረጥበትም ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ትልቁን ዕጢ ብቻ ማውጣት ከዚህ ጥገኝነት ብዙውን ጊዜ ያድናል፤ ሆኖም በቀረው ዕጢ ላይ ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል የኮርቲዞል ክትትሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል።