ለዕቁብ የማይጠፋ ብር ለባንክ ለምን ይጠፋል?

ደመወዝ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የባንክ ደብተሩን ባዶ የሚያደርግ ሰው፣ ዕቁቡን ግን ተበድሮም ቢሆን ይጥላል። ገቢው ያው አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው የባንኩን ብር «የተረፈኝ»፣ የዕቁቡን ግን «ዕዳዬ» ብሎ ስለሚያስበው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ታለር ያጠኑትም ይህንኑ ጠባይ ነው፤ ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ ይመድባል፣ ለኪራይ ያለውን ለሻይ ቡና አይነካም።

ዕቁብ በሒሳብ ብቻ ቢታይ ለሁሉም እኩል አያዋጣም። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 20,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ። ሆኖም የመጨረሻውም አያቋርጥም። ዳኛው ይጠይቀዋል፣ ጸሐፊው ይመዘግበዋል፣ ቀድሞ የወሰደውም ዋስ ጠርቷል። የሚጸናው በሰው ፊት ስለሆነ ነው።

ጡረታም ለሠራተኛው ፈቃድ የተተወ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ እጁ ያልገባውን ብር ደግሞ ማንም አያወጣውም። ስለዚህ ሰውን ቆጣቢና አባካኝ ብሎ ከመለየት፣ ብሩ መቼ እጁ እንደሚገባ ማየት ይበጃል። ደመወዝ በገባበት ዕለት የተወሰነ ብር ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲዛወር ባንኩን ማዘዝ፣ የዕቁብ ዕጣ ከመድረሱ በፊትም ለምን እንደሚውል ከቤተሰብ ጋር መወሰን ያዋጣል።

ልማድ ብቻውን ግን ግሽበትን አይረታም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 7 በመቶ አደረገው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ወለዱ አልተከተለውም። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲዞር 10,700 ብር አገኘ፤ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ገባ። ያኔ ብሩን በቆርቆሮና በሲሚንቶ የለወጠው ሰው ሒሳቡን አውቆ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት ያየ ቤተሰብ «ቆጥቡ» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የልማዱን ነገር ቤተሰቡ ይወጣው፤ የተቀመጠው ብር ዋጋ እንዳያጣ ማድረግ ግን የብሔራዊ ባንክ ድርሻ ነው።