የእግዜር እንግዳና የአልጋ ዋጋ

ሰው ከቀዬው ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሚሄድበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ሲመሽ የት እንደሚያድርና ሲነጋ ምን እንደሚቀምስ ነው። በባሕር ማዶ ይህን ችግር ከሚያቃልሉት ነገሮች አንዱ «አልጋና ቁርስ» የሚባለው የማደሪያ ዓይነት ነው። ይኸውም በተለይ በእንግሊዝ አገር የተለመደ ሲሆን፥ አንድ ባለቤት በሚኖርበት ቤት ውስጥ ትርፍ የሆነችውን ክፍል ለመንገደኛ አከራይቶ ጧት ቁርስ የሚያበላበት ሥርዓት ነው። የአልጋውና የቁርሱ ዋጋ አንድ ላይ ይከፈላል። እንግዳው ቀን ወጥቶ ይውላል፤ ምሳና ራት የራሱ ጉዳይ ነው። ቤቱ ሆቴል አይደለምና አሳላፊ የለበትም፤ እንቁላሉን የምትጠብሰው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ራሷ ናት።

በእኛ አገር ከተሞች ደግሞ በየመንገዱ ዳር «ፔንሲዮን» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በጣልያንኛ ግን ምግብም የሚገኝበትን ማደሪያ ያመለክት ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ምግቡ መንገድ ላይ ቀርቶ አልጋው ብቻ ደረሰ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በ2011 ዓ.ም. በአክስቴ ቤት የሆነው ነገር ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ብልባላ ጊዮርጊስን፥ ብልባላ ቂርቆስንና ይምርሃነ ክርስቶስን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ጧት መጥተው ማታ ወደ ላሊበላ ይመለሳሉ። በዚያ ቀን ግን የሁለት ፈረንጆች መኪና ተበላሸችና መሸባቸው። የአክስቴ ልጅ አስጐብኚያቸው ነበርና ወደ ቤት አመጣቸው። አክስቴ እግራቸውን አጥባ፥ የራሷን የጠፍር አልጋ ለቃላቸው፥ እሷ መደብ ላይ አጐዛ አንጥፋ አደረች። ጧት ፍርፍርና ቡና አቀረበችላቸው። ከዚያ አንደኛው «ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ በልጇ አስጠየቃት።

አክስቴ እንደ ተሰደበ ሰው ፊቷ ተለወጠ። «የእግዜር እንግዳ ብዬ ነው ያስገባሁ። አሁን ምን ብዬ እቀበላለሁ?» አለች። ልጇ በበኩሉ «እማዬ፥ እነዚህ ሰዎች ላሊበላ ቢያድሩ ይከፍሉ የለም ወይ? የጤፉንስ ዋጋ ማን ይከፍልሻል?» አላት። እንግዶቹ ሲሄዱ ገንዘብ ከትራስ ሥር ትተው ነበር። አክስቴ ወስዳ ለጊዮርጊስ ጧፍ ገዛችበት፤ ልጇም ሁለት ቀን ሙሉ አኰረፈ። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁና የማን ወገን እንደምሆን ቸግሮኝ ነበር። አሁንም ይቸግረኛል።

የአክስቴ ቁጣ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የላስታን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይመልሳል። በገና ጊዜ ወደ ላሊበላ በእግሩ ብዙ ቀን ተጉዞ የሚመጣውን ተሳላሚ የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ያበላዋል፤ ዋጋ አይጠይቀውም። በጥንት ዘመንም በንጉሥ ትእዛዝ ለሚጓዝ እንግዳ ባላገሩ ድርጎ ያቀርብ ነበር፤ እርግጥ ይህ በውዴታ ሳይሆን በግዴታ ነበርና ባላገሩን ያስመርረው ነበር። አባቶቻችንም በውጭ አገር ማደሪያ አላጡም። በዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት በሮም የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና ማደሪያው ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ተሰጥቷቸው ነበር።

እንጀራ በገንዘብ መሸጥ ነውር ሆኖ የቆየው በላስታ ብቻ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላትን ስላልለመደ ገበያ እንዳልነበረው፥ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ በመጋበዝ እንዳለማመዷቸው ይተረካል።

ታዲያ ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም ወይ? በ1990ዎቹ ዓመታት ከላሊበላ በስተደቡብ በመቄት የተጀመረው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንደርተኞቹ በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ፤ ጐብኚው ጓዙን በአህያ አስጭኖ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየሄደ በየጎጆው ያድራል። ለአልጋውም ለምግቡም የሚከፈለው ገንዘብ ለማኅበሩ ይገባል እንጂ ከእንግዳው እጅ ወደ አብሳይዋ እጅ አይተላለፍም። በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው፤ አክስቴን ያሳፈራት ገንዘቡ ሳይሆን በጉርሻና በብር መካከል ምንም ርቀት አለመኖሩ ነበርና።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ዋጋው እንግዳው ጓዙን ከማውረዱ በፊት ይነገር፤ ቁርስ ይጨምር እንደሆነም ይገለጥ። ሰዓቱም ያሳስታል፤ «ቁርስ በሁለት ሰዓት ነው» የተባለ ፈረንጅ እስከ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። በረቡዕና በዓርብ ወተትና እንቁላል እንደማይኖር አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ከእኛም መካከል ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ቢኖር ተመሳሳይ ነገር ያጋጥመዋል። የእንግሊዞች ቁርስ እንቁላልና የዓሣማ ሥጋ ነው፤ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለማይቀምስ ሰው የማይበላውን መክፈል ይሆንበታልና «ያለ ቁርስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ዓመት ከሰሌን የሰፋ ሳይሆን ከሳንቃ የተጠረበ ሰሌዳ ሠርቶ «አልጋና ቁርስ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈበት። እናቱ በደጅ እንዲሰቀል አልፈቀደችም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ላስታን አዳረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። እንግዳ እያነሰ ሄደ፤ እሱም አስጐብኚነቱን ትቶ እርሻ ገባ። በቅርቡ አክስቴ ቡና እያፈላች «አሁን ቢመጡ እንኳ ለቁርሱ እቀበል ነበር፤ ለአልጋው ግን አይሆንም» ስትል ሰማኋት። ሰሌዳው ከጓዳ ነው ያለው፤ የሊጥ መክደኛ አድርጋዋለች፤ ጽሑፉ ግን ወደ ላይ ነው።