ከጌዴኦ ጥላ እስከ አባያ ዳርቻ

የጥምቀት በዓል በደረሰ ቁጥር ልባችን ወደ ውሃ ያዘነብላል። ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሲያድሩ፣ ምእመናኑም በእልልታና በሆታ ሲያጅቧቸው፣ ውሃ የበረከት መገኛ መሆኑ በሽማግሌውም በሕፃኑም ኅሊና ይታደሳል። እኛም በዛሬው የበዓል ገጻችን የዲላንና የአካባቢዋን ነዋሪዎች ዐይን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አባያ ሐይቅና በዳርቻው ወደሚገኘው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ልንመራ ወደድን።

አባያ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ታላቅ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ፓርክ ደግሞ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በሜዳው ላይ ከሚታየው ነጣ ያለ ሣር ነው። አባያንና ጫሞን የሚለየው ጠባብ የመሬት ልሳን «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ከዲላ ተነሥቶ በሐዋሳና በወላይታ ሶዶ ዞሮ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ፣ የሜዳ አህያው በመንጋ ሲግጥ ያያል፤ በጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ «የአዞ ገበያ» በተባለው ዳርቻ ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎች በርቀት ይመለከታል፤ ለከተማዋ ስም በሆኑት ምንጮች አጠገብም በጥላ ሥር ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በዚሁ ሜዳ የአንዲት የሌሊት ወፍጫሪ ክንፍ ብቻ ተገኝቶ፣ በዚያች ክንፍ ማስረጃነት ወፏ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደ አዲስ ዝርያ ለዓለም ተገልጻለች።

ይሁን እንጂ ሐይቁ ለጌዴኦ ሰው የሽርሽር ቦታ ብቻ አይደለም። የአባያ ውሃ ቀላ ብሎ የሚታየው ወንዞች ከደጋው አጥበው በሚያመጡት ደለል ምክንያት ነው። ከምሥራቁ ከፍታ የሚወርዱት ጊዳቦና ገላናም መድረሻቸው ይኸው ሐይቅ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ቡናን ከእንሰት፣ እንሰትንም ከረጃጅም ዛፎች ጋር አስማምቶ በመትከል ተዳፋቱን በአረንጓዴ ልብስ ሸፍኖ ኖሯል፤ የዛፉ ሥር አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉም የዝናቡን ኃይል ያበርዳል። ይህ የአባቶች ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዱ ዛፍ ያለ ምትክ ሲቆረጥ ግን ጉዳቱ በጓሮ አይቀርም፤ አፈሩ ወንዙን ተከትሎ እስከ ሐይቁ፣ እስከ ዓሣ አጥማጁ መረብ ይወርዳል።

እንግዲህ በዚህ በዓል ወደ ውሃ ዳር የምንወጣ ሁሉ ቆሻሻ ጥለን አንመለስ፤ በየጓሯችንም ለተቆረጠው ምትክ እንትከል። የላይኛው ሰው ዛፉን ሲጠብቅ የታችኛው ሰው ውሃውን ያገኛልና።

መልካም በዓል!