«ተገለጸ»፤ ማን ገለጸው?

አዲስ ምርት ሊወጣ ሲል ኩባንያዎች ለጋዜጠኞች የሚልኩት ጥቅል አለ፦ ተጽፎ ያለቀ ዜና፣ የሥራ አስኪያጁ «ንግግር»፣ ያማረ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ «ከዚህ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ» የሚል ማሳሰቢያ። ሶፍትዌር ኢንጂነር ስለሆንኩ ረቂቁ አንዳንዴ ቁጥሮቹን እንዳይ ይላክልኛል። ሥራ አስኪያጁ ተናገሩት የሚባለውን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ነው። ይሄ ምስጢርም ወንጀልም አይደለም።

አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከ50 በላይ ሰው ሲሞት፣ የባቡር ድርጅቱ አማካሪ አይቪ ሊ መግለጫ አዘጋጅቶ ለጋዜጦች ሰጠ። ኒው ዮርክ ታይምስ ቃል በቃል አተመው።

አደጋው ያለው ጥቅሉ በሚለው ሳይሆን በሚተወው ላይ ነው። ኒኮላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 የጭነት መኪናው በአስፋልት ላይ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። በ2020 ሂንደንበርግ ሪሰርች መኪናው ቁልቁለት ላይ እየተንከባለለ እንደነበር አጋለጠ። የኩባንያው መልስ፣ በራሱ ሞተር ይሄዳል አላልንም የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አላሉም! ጉግልም በ2023 መጨረሻ የጀሚናይ ቪዲዮውን ሲለቅ ሰው እያወራ ሞዴሉ እዚያው የሚመልስ ይመስል ነበር። በኋላ ጥያቄዎቹ የቀረቡት በቆሙ ምስሎችና በጽሑፍ እንደነበር ኩባንያው አመነ።

እንዲህ ያለ ዜና ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። «ኩባንያው እንዳለው» የምትለዋ ሐረግ መንገድ ላይ ትወድቅና «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ይፋ ሆነ» ትተካለች። ተናጋሪው ይጠፋል፤ ማስታወቂያው ዜና ይሆናል። በዚያ ዜና ተመርቶ የማስተርስ ትምህርቱን የሚመርጥ ተማሪ፣ በስደት ያጠራቀመውን አክሲዮን ላይ የሚያውል ወንድም፣ እህት አለ።

በገበያ ላም የሚሸጥ ሰው «ትራገጣለች» አይልም፤ አልቦ የሚያየው ገዢው ነው። ስለዚህ ለአዘጋጆቻችን አንድ ልመና አለኝ፦ ከኩባንያ የመጣውን «ከኩባንያው የተላከ» በሉልን። እኛ አንባቢዎችም ከማጋራታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ከኩባንያው ውጭ በእጁ የሞከረው ማን ነው? ዛሬ የሚሠራው የቱ ነው፣ ወደፊት ይሠራል የተባለውስ?